የሁዳዴ ጭላቶች

ጎመን ውኃ እያጠጣሁ ሳለ ጭላት ከእግሬ ሥር ጫጩት ወስዳብኛለች። ይህን ስናገር የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ያጋነንሁ ይመስላቸዋል። አላጋነንሁም። ባልዲውን ጎንበስ ብዬ ሳዘነብል የሆነ ነገር ቀሚሴን ነፋው፤ ቀና ስል ቡናማ ክንፍ ከአጥሩ በላይ ወጥቶ ሄዷል፤ እናት ዶሮዋ ላባዋን ነፍታ ትጮኻለች። ድንጋጤው ሲለቀኝ የመጣብኝ ንዴት አልነበረም። እንዴት አድርጋ ወሰደችው እያልሁ አንጋጥጬ ቀረሁ። ባሌ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣና ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ጭላት ጫጩት ወሰደች ስለው፣ ታዲያ ምን ያስቅሻል አለ። ለካ እየሳቅሁ ኖሯል።

የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። ጓሯችን ትልቅ አይደለም፤ ጎመን፣ ጥቂት በርበሬ፣ ሁለት የአቮካዶ ዛፍ፣ በአጥሩ ጥግ ሸንኮራ። እኔ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳይ ስለምውል ወደ ቤት ስመለስ ዓይኔ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ሰው ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ እኔ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ጭላት ባየሁ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እቆማለሁ። ጅራቷን ወደዚህ ወደዚያ እያጠፈች፣ ክንፏን ሳትመታ፣ ከቤት ጣሪያ ወደ ቤት ጣሪያ ስትንሸራተት ማየት ደስ ይለኛል። ጫጩት ያላቸው ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ ጤናዬን ይጠራጠራሉ።

ዓመቱን ሙሉ ጭላቶቹ የሚውሉት ዋናው መንገድ ላይ፣ ሥጋ ቤቶቹ በተደረደሩበት በኩል ነው። ከባጃጁና ከጋሪው በላይ ይዞራሉ፤ ሥጋ ሻጩ ጅማትና ቁርጥራጭ ሲጥል ከውሻ ቀድመው ያነሡታል። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቶቹ ይዘጋሉ። ሰው ሽሮውን ይበላል፤ ጭላት ግን ሽሮ አትበላ ነገር፣ ወደየጓሯችን ትመጣለች። እዚህ ላይ ነው የሰፈሩ ሁሉ ስሕተት። በጾም እንቁላል አይበላም፤ ዶሮዎቹ ግን ጾም ነው ብለው መጣል አያቆሙም። እንቁላሉ ይከማቻል። የተከማቸ እንቁላል ሲያይ ሰው ዶሮውን ማስታቀፍ ያምረዋል። ስለዚህ የሰፈሩ ጫጩት የሚፈለፈለው ደብረ ዘይት ሰሞን፣ ጭላቶቹ ክፉኛ በተራቡበት ጊዜ ነው። ይህን በያመቱ እንሠራዋለን፤ በያመቱም እናዝናለን፤ በዓመቱ እንደገና እናስታቅፋለን።

አባቴ ወደ እኛ የመጡት በቅበላ ሳምንት ነው። ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ የኖሩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። የእናቴን ሙት ዓመት ካወጣን በኋላ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ፤ ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው፣ መሬቱንም ጎረቤት በእኩል ያርሰዋል። ባለፈው ክረምት ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ አዳልጧቸው ወድቀው፣ እስኪመሽ እዚያው ተኝተው ነው የተገኙት። እሱንም የነገረኝ ጎረቤታቸው ደውሎ እንጂ እሳቸው አይደሉም። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጠራ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ከመጡ በኋላ ወደዚያ ባዶ ቤት እንዳይመለሱ። እሳቸው ግን ገና ከአውቶቡስ እንደ ወረዱ፣ አንዲት ገብስማ ዶሮ በብብታቸው እንደ ያዙ፣ ፋሲካን ከእናንተ ጋር ውዬ እመለሳለሁ አሉኝ።

እኔም እንደ ወደዱ አልኋቸው። ሌላ ምን እላለሁ? እኛ ቤት አባት ይህን አድርግ፣ ያን ተው አይባልም። ሳድግ ለአባቴ የምለውን ነገር ሁሉ ለእናቴ ነበር የምነግራት፤ እሷ ጊዜ ጠብቃ፣ አዙራ አዙራ ታደርስልኝ ነበር። አሁን እሷ የለችም፤ እኔ ደግሞ ማዞሩን አላውቅበትም።

ገጠር ሳሉ ፀሐይ እያለ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። ከተማ ውስጥ ግን ምን ይሥሩ? ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ዱካ መቀመጫቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ቁጭ ይላሉ። ሰው ባለፈ ቁጥር ለሰላምታ ብድግ ይሉ ነበር። የእኛ ሰፈር መንገድ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ተማሪ የሚጎርፍበት ነው፤ አባቴ ለተማሪው ሁሉ ሲነሡ ሲቀመጡ ይውላሉ። አባየ፣ ለልጆች እንኳ አይነሡ ብላቸው፣ ሰው አይደሉም ወይ አሉኝ። ውለው አድረው ግን መነሣቱን ተዉት። እኔን የከፋኝ ያኔ ነው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሚያልፈውን ባጃጅ ሳያዩት ያሳልፉታል። ራት ላይ እንዴት ዋሉ ስላቸው፣ ተቀምጬ ዋልሁ ይሉኛል፤ ሲናገሩት የታመሙ ያህል ነው።

በዚህ መካከል ገብስማዋ ዶሮ እንቁላሏን ስትጥል ከርማ መታቀፍ አማራት። ከማድ ቤቱ ጥግ ካለው ቅርጫት ላይ አልነሣም አለች፤ እጅ ያስጠጋን ሁሉ ትነክሳለች። አባቴ የእኔን ዶሮዎች እንቁላል ጨምረው ከሥሯ ሊያኖሩላት ተነሡ። እኔ የጭላቱን ነገር ነገርኋቸው፤ ሥጋ ቤቶቹ እስኪከፈቱ ሰፈሩ ውስጥ ጫጩት እንደማይተርፍ፣ ከፋሲካ በኋላ ብናስታቅፋት እንደሚሻል።

«ከፋሲካ በኋላማ እኔ መቼ አለሁ?» አሉ። «አሁንስ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥሁት? እጠብቃቸዋለሁ።»

ከመጡ ጀምሮ ድምፃቸው እንዲህ ሲጠነክር አልሰማሁም ነበር። እንቁላሎቹን አንሥቼ ሰጠኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ስለ ጫጩቶቹ ምንም ግድ አልነበረኝም።

ጫጩቶቹ እንደ ተፈለፈሉ ዱካው ከደጃፍ ተነሥቶ ጓሮ ገባ። አባቴ እሾህ ቆርጠው በአጥሩ ሥር ደገፍ ደገፍ አድርገው አስቀመጡ፤ ጫጩት የሚሾልክበት፣ ጭላት ግን ክንፏን የማታስገባበት መጠለያ ሆነ። ከቃጫ ወንጭፍ ገመዱ። ማሽላ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸውና ወንጭፉ እጃቸው ውስጥ ሲዞር ያስፈራል። ሆኖም ማሽላ ማሳ አጠገብ የቆርቆሮ ጣሪያ የለም። የመጀመሪያዋ ጠጠር ጭላቷን ስታ የጎረቤታችን ጣሪያ ላይ አረፈች፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰማት።

ጎረቤታችን ከወሎ መጥታ እዚህ የምታስተምር ሴት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ስትናገር ሰው የማታስቀይም። በአጥሩ በኩል ብቅ አለችና፣ አባባ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገባ መሰለኝ አለቻቸው። አባቴ ወንጭፉን ከኋላቸው ደበቁ። በረዶ ነበር ልጄ፣ አንድ ፍሬ ብቻ ነው፣ ደግሞም አይመለስም አሏት። ሁለቱም ሳይስቁ ነው የተነጋገሩት፤ የሳቅሁት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ሴትዮዋ የራሷን ዶሮ ከነጫጩቶቿ በካርቶን ይዛ መጣች፤ ውሎዬ ትምህርት ቤት ነው፣ ከእርስዎ ጋር ይዋሉልኝ ብላ። ቀጥሎ ከላይ ካለው ግቢ ሌላ ዶሮ መጣች። ወንጭፉ ተሰቀለና በምትኩ አባቴ ጫፉ ላይ ጥቁር ፌስታል የታሰረበት ረጅም ቀርቀሃ ያዙ።

የሁዳዴ ጓሮ ድምፅ አለው። ከሆስፒታሉ በኩል ካሉት ግቢዎች አንዷ ሴት ጭላት ብላ ስትጮኽ፣ ቀጥሎ ያለችው ትቀበላታለች፤ ጥላው ሳይደርስብን ጩኸቱ ይደርስብናል። አባቴ ቀርቀሃውን ያነሣሉ፤ እናት ዶሮዎቹ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ፤ ጫጩቶቹ በአንድ ጊዜ እሾሁ ሥር ይገባሉ። ከዚያ አባቴ ተራቸውን ይጮኻሉ። ድምፃቸው ከማሳ ማሳ የሚሻገር የገጠር ድምፅ ነው፤ ከታች ያለው ሰፈር ሰዓቱን በእሳቸው ጩኸት ማወቅ ጀመረ ብለው ይቀልዱብን ነበር። እኔ ምሳ ሰዓት ስትደርስ ከቢሮ እየሮጥሁ እመጣለሁ። ባልደረቦቼ ምን አስቸኮለሽ ሲሉኝ፣ ጭላት ላይ ለመድረስ ነው እላለሁ፤ መቼም ማን ያምነኛል።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳሰጣ ሌላ እንግዳ መጣብን። ጭልፊት ነው፤ ከርግብ ብዙ የማይበልጥ፣ ጀርባው ግራጫ፣ ደረቱ ዝንጉርጉር። አንዲት ዋኖስ አቮካዶውን ሰንጥቃ አለፈች፤ እሱ ተከትሏት ገባ፤ ቅጠሉ ረገፈ፤ ዋኖሷ አመለጠች። ጭልፊቱ የልብስ ገመዱ የታሰረበት እንጨት ላይ አረፈና ዞር ብሎ አየኝ። እጄን ብዘረጋ የምነካው ይመስለኛል። ዓይኑ ቢጫ ነው፣ እግሩ እንደ እንጨት ቀጭን። እርጥብ አንሶላ እንደ ያዝሁ፣ ውኃው ጫማዬ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አልተንቀሳቀስሁም። አባቴም ዱካቸው ላይ ሆነው ቀርቀሃውን አላነሡም። እሱ ሲበቃው ሄደ። «ይኸኛውስ አዳኝ ነው» አሉ አባቴ ቀስ ብለው፤ «ሥጋ ቤት ተዘጋ አልተዘጋ ደንታም የለው።» ያን ቀን እስኪመሽ ደስ ብሎኝ ዋልሁ። እሳቸውም ራት ላይ እንዴት ዋሉ ስላቸው፣ ተቀምጬ ዋልሁ አላሉም፤ የጭልፊቱን ነገር ለባሌ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩት፤ ባሌም ሰምቶት የነበረ ቢሆንም እንደ አዲስ ሰማቸው።

ጭላቷ ግን መውሰዷ አልቀረም። ሆሳዕና ሲቃረብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በፀሐይዋ በኩል መጣች፤ ዓይን አያስገልጥም። አባቴ ጮኹ፣ ቀርቀሃውን ወዘወዙ፤ እሷም የሸሸች መስላ ሸንኮራውን ዞረችና በሌላኛው በኩል የቀረችውን አንዲት ጫጩት አንሥታ ወጣች። የሄደችው ሩቅ አልነበረም። ከጎረቤታችን ቤት ጀርባ ካለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ላይ ጭራሮና የላስቲክ ብጥስጣሽ የተከመረበት ጎጆ አለ፤ እዚያ አረፈች። ከጎጆው ጫፍ ላይ ነጣ ያሉ ትንንሽ ራሶች ሲንቀሳቀሱ አየን። አባቴ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆሙ። እርግማኑን ስጠብቅ፣ «አራስ ናት ለካ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ እናትሽ ብትኖር ግን አራስም ብትሆን ትረግማት ነበር ብለው ሳቁ። እናቴን አንሥተው ሲስቁ ከሞተች ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ሰው ሁሉ የሚናፍቀውን ፋሲካ እኔ ባይመጣ ብዬ ተመኘሁ፤ ለቄስ የሚነገር አይደለም። ሥጋ ቤቶቹ ተከፈቱ። ጭላቶቹ ሁሉ ወደ ዋናው መንገድ ተመለሱ፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምምና ጓሮ የሚያመጣቸው ነገር የለም። የተረፉት ጫጩቶች ላባ አውጥተው ጎረምሳ ሆኑ። ጎረቤታችን ዶሮዋን መርቃ አመስግና ወሰደች። ዱካው ወደ ደጃፍ ተመለሰ። አንድ ማታ አባቴ እጃቸውን እየታጠቡ፣ የበቆሎ ጊዜ ደርሷልና ማክሰኞ እሄዳለሁ አሉኝ። በቆሎውን የሚዘራው ሌላ ሰው መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

«እንደ ወደዱ» አልኋቸው። ከዚያ ማድ ቤት ገብቼ ድስቱን ከድስት አጋጨሁት። ባሌ ተከትሎኝ መጣና፣ ይቅሩ በያቸው እንጂ አለኝ። አባቴን ልዘዝ ወይ ብዬ ጮኽሁበት። ምስኪን፣ ምንም አላጠፋም።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ እግሬ ወደ ሥጋ ቤት ወሰደኝ። ሳንባ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። ሳንባ ሰው አይበላውም፤ ስለዚህ ሥጋ ሻጩ ውሻ ገዛችሁ እንዴ አለኝ። አዎ አልሁት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ጠዋት አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ጄሪካን ላይ ቆሜ ሳንባውን ቆራርጬ የማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወረወርሁት። የመጀመሪያው ቀን ቁራ በላው። በሁለተኛው ቀን አንዲት ጭላት መጣች፤ ቀጥሎ ሌላ ጨመረች። ከቢሮ ስመለስ አባቴ ጓሮ ውስጥ ናቸው፤ ቀርቀሃው በእጃቸው፣ ነጠላቸው በትከሻቸው፣ ፊታቸው በርቷል። እነዚህ ፋሲካም አላጠገባቸው፣ ዶሮዎቹን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ፣ ይህች ነገር እስክትለይ ማክሰኞን ላሳልፋት አሉኝ። እኔ እንደ ልማዴ እንደ ወደዱ አልሁ። ውስጤ ግን ጨፈረ።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ጭላቶቹ ዶሮዎቹን ዞር ብለው አላዩም፤ ጣሪያ ላይ ቁርሳቸውን በልተው ይሄዳሉ። አባቴም ይህን አይተው ቀርቀሃውን እንደ ቀድሞው አያነሡትም። እኔ ግን ደስታዬ አላሳየኝም። አንድ ቀን ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አባቴን፣ ውሻ አስገባችሁ አሉ፣ ሲጮኽ ግን ሰምቼው አላውቅም አለቻቸው። ሥጋ ሻጩ ነግሯት መሆን አለበት። አባቴም፣ እኔም አልሰማሁት ልጄ አሏት። እኔ ልብስ እያጠፍሁ ሁሉንም ሰማሁ፤ ጆሮዬ ጋለ።

በማግሥቱ ጠዋት ጄሪካኑ ላይ ቆሜ፣ እጄ ደም ሆኖ፣ ቀሪውን ቁራጭ ስወረውር ከኋላዬ አባቴ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም ኖሯል።

«ውሻው በላ ወይ?» አሉኝ።

ወረድሁ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አባቴ አልተቆጡም፤ የሚያዝኑ ይመስሉ ነበር።

«ጭላት በሳንባ መጥራት ታውቂበታለሽ» አሉ። «እኔን ግን አንድ ቀን ይቅሩ ብለሽኝ አታውቂም። እመጣለሁ ስልሽ እንደ ወደዱ፤ እሄዳለሁ ስልሽ እንደ ወደዱ። እንደ ወደዱ የሚባል እንግዳ ነው፣ ልጄ። እኔስ መሄዴ የሚከብድሽ መሆኑን በምን ልወቅ?»

እኔ ክብር ብዬ የያዝሁትን፣ እሳቸው ከቅበላ ጀምረው ሲሰሙት የከረሙት ለካ እንደ ሂዱልኝ ነው። እንባዬ መጣ፤ እጄ ንጹሕ አልነበረምና ልጠርገው አልቻልሁም።

«አባየ፣ አይሂዱብኝ» አልኋቸው።

ጭላቷ መጥታ ጣሪያው ላይ አረፈች፤ ቁራጯን በእግሯ ይዛ ተነሣች፤ ሁለታችንም አልጮኽንባትም። «በይ እጅሽን ታጠቢ» አሉኝ፤ «ሥራ ይረፍድብሻል።»

ረፈደብኝም። ማታ ስመለስ አባቴ በር ላይ ቆመው ቡሬ ካለው ጎረቤታቸው ጋር በስልክ ያወራሉ፤ ስልክ ሲያወሩ ደግሞ ቡሬ ድረስ በአፋቸው ብቻ ሊሰሙ የሚፈልጉ ይመስል ነው የሚጮኹት። ባዶ ቤት ይፈርሳልና ልጅህን ከነሚስቱ አግባበት ይሉታል። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ምነው፣ አይመለሱም ወይ ብሏቸው ይመስለኛል፤ አባቴ ድምፃቸውን ይበልጥ ከፍ አድርገው፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ «ምን ላድርግ?» አሉ፤ «ልጄ አልለቅም አለችኝ።»